ከአሜሪካ ጦር ወጥተህ በሪል እስቴት ለምትጀምረው፦ ቁጠባህን ቅድሚያ ክፍያ አታድርገው

ጠያቂው የጻፈልኝ ባጭሩ ይህ ነው። ስድስት ዓመት በአሜሪካ ምድር ጦር በሎጂስቲክስ አገልግሎ ከአምስት ወር በፊት ተሰናብቷል። ዕድሜው 29 ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ዓመት ልጅ አባት ሲሆን ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይተው ይኖራሉ። እሱ መጋዘን ውስጥ በሱፐርቫይዘርነት በዓመት 72 ሺህ፣ ባለቤቱ በነርስ ረዳትነት 38 ሺህ ዶላር ያገኛሉ። ባንክ 26 ሺህ፣ ቲኤስፒ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ላይ 12 ሺህ ዶላር አላቸው። የመኪና ዕዳ በወር 520 ዶላር ይከፍላሉ። ጓደኛው «15 ሺህ ከፍለህ ሥልጠና ውሰድ፣ ከዚያ ባልቲሞር ርካሽ ቤት እየገዛህ አድሰህ ሽጥ» ይለዋል። አጎቱ ደግሞ «አዲስ አበባ በግንባታ ላይ ያለ አፓርትመንት ያዝ» ይሉታል። «ጋሼ፣ በዚህች ገንዘብ ከየት ልጀምር?» ነው ጥያቄው።

ጋሼ ስላልከኝ አንተ እያልኩ ልመልስልህ። ሥራዬ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የቤት ብድር ነው፤ ከጦሩ የወጡ ልጆቻችንን ብዙ ጊዜ አስተናግዳለሁ። ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ያለውን ትልቅ ነገር ትተው ትንሹን ይቆጥራሉ።

ከ26 ሺህ ዶላሩ የሚበልጥ ሀብት አለህ፤ በአገልግሎትህ ያገኘኸው የቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የቤት ብድር መብት ነው። ይህ መብት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 ከፈረሙት ሕግ ጀምሮ ያለ ነው። ገንዘቡን የሚያበድርህ ባንክ ወይም የሞርጌጅ ኩባንያ ሲሆን፣ መንግሥት ለብድሩ የተወሰነ ክፍል ዋስ ይሆንልሃል። ዋስ ስላለህ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) አትጠየቅም። ሌላው ሰው ከ20 በመቶ በታች ከፍሎ ሲገዛ በየወሩ የሚጨመርበትን የሞርጌጅ ኢንሹራንስም አትከፍልም። ከ2020 ወዲህ መብቱን ገና ያልነካ ሰው የብድር ጣሪያ የለበትም፤ የሚወስነው ገቢው ነው። እስከ አራት አባወራ የሚያኖር ቤትም መግዛት ትችላለህ።

ግዴታው አንድ ነው፦ ራስህ ትኖርበታለህ። ብዙውን ጊዜ ከክሎዚንግ (ግዢው በፊርማ ከሚጠናቀቅበት ቀን) በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለብህ፤ ውሉም ቢያንስ አንድ ዓመት እንድትኖርበት ይጠይቃል። ለማከራየት ብቻ የታሰበ ወይም አድሶ ለመሸጥ የሚገዛ ቤት በዚህ ብድር አይገዛም። ስለዚህ የመጀመሪያው ኢንቨስትመንትህ ቤተሰብህ የሚተኛበት ቤት ይሆናል ማለት ነው። ቁጠባህ ደግሞ ቤቱን መግዣ ሳይሆን ቤቱ እጅህ ላይ እንዲቆይ ማድረጊያ ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው።

በቁጥር እንየው። ባልቲሞር ከተማ ሁለት አፓርትመንት ያለው ረድፍ ቤት በ300 ሺህ ዶላር አገኘህ እንበል። ቪኤ ፈንዲንግ ፊ የሚባል ክፍያ አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዳውን ፔይመንት ለሚገዛ 2.15 በመቶ ነው፣ እሱም 6,450 ዶላር ይሆናል። አብዛኛው ሰው ብድሩ ላይ ያስደምረዋል። 306,450 ዶላር በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ሲሰላ በወር 1,937 ዶላር ነው። የባልቲሞር ከተማ የንብረት ታክስ ከአጎራባች ካውንቲዎች እጥፍ ገደማ ነው፤ ከከተማውና ከስቴቱ ተደምሮ በዚህ ዋጋ ወደ 590 ዶላር በወር ይመጣል። ኢንሹራንሱን 150 ብንል ጠቅላላው 2,677 ዶላር ነው። ባለ ሁለት መኝታውን ሌላ አፓርትመንት በ1,500 ብታከራየው ከኪስህ የሚወጣው 1,177 ይሆናል።

ይህን የመጨረሻ ቁጥር አይቶ የማይደሰት የለም። እኔ ግን ከደንበኛ ጋር ስቀመጥ የማሰምርበት 2,677 ላይ ነው። ተከራዩ የወጣ ወር፣ ቧንቧው የፈነዳ ወር፣ አንተ ሥራ የቀየርክበት ወር የሚጠየቀው እሱ ነው። የሁለታችሁ ደመወዝ ከታክስ በፊት በወር 9,166 ገደማ ነው፤ ቤቱና መኪናው ሲደመሩ 3,197 ዶላር ነው፣ ከገቢያችሁ 35 በመቶ አይሞላም። ቪኤ እንደ መለኪያ የሚያየው 41 በመቶን ነው። ስለዚህ የተከራዩን ገንዘብ አንድ ሳንቲም ሳትቆጥር ይህን ቤት ትችለዋለህ። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ ያለ ኪራይ በደመወዝህ የምትሸከመውን ቤት ግዛ፤ ኪራዩ ትርፍ ይሁንህ።

ኪራዩን ቆጥረህ ከፍ ያለ ቤት ልግዛ ካልክ አበዳሪው ሌላ መንገድ ይወስድሃል። ከኪራዩ 75 በመቶውን ብቻ ይቆጥርልሃል። ቤት የማስተዳደር ልምድህን ይጠይቅሃል። ከክሎዚንግ በኋላም የስድስት ወር ሙሉ ክፍያ ባንክህ ውስጥ ተቀምጦ ማየት ይፈልጋል። አንተ ይህ ባይመለከትህም ስድስት ወሩን ራስህ አስቀምጥ፤ 2,677 በስድስት 16,062 ዶላር ነው። ከ26 ሺህ ውስጥ የሚተርፍህ ወደ 10 ሺህ ነው፤ ለኢንስፔክሽን፣ ለክሎዚንግ ወጪ፣ ለዕቃ ማጓጓዣና ለኪራይ ላይሰንስ የሚውለው እሱ ነው። ከክሎዚንግ ወጪው ሻጩ እንዲሸፍንልህ መደራደር የተለመደ ነው፤ ገበያው በተቀዘቀዘበት ሰፈር ሻጮች እሺ ይላሉ። አሁን የጓደኛህን የ15 ሺህ ዶላር ሥልጠና እዚህ ስሌት ውስጥ አስገባው፤ የቀረህ 11 ሺህ ነው፣ ቤቱን የሚጠብቅልህ ገንዘብ የለም።

ስለ ሥልጠናው ሌላም ልበልህ። ከጦር የወጡ ወጣቶች ላይ ያነጣጠሩ፣ የመጀመሪያው ቀን በነፃ የሆነና የመጨረሻው ቀን ክሬዲት ካርድ የሚያስወጣ ሥልጠና በየሆቴሉ አዳራሽ አለ። የዚህን ሥራ ውስጡን ማወቅ ከፈለግህ በሜሪላንድ የሪል እስቴት ወኪልነት ፈቃድ የሚጠይቀው 60 ሰዓት ትምህርትና አንድ ፈተና ነው፤ የፈተና ክፍያውን ጂአይ ቢል የሚባለው የቀድሞ ወታደሮች የትምህርት ድጋፍ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ይመልሳል። ወኪል ሆነህ ባትሠራ እንኳ ውሉን፣ ሕጉንና የሰፈሩን ዋጋ ትማርበታለህ።

አድሶ መሸጥ ደግሞ የገንዘብ ትራስ ላለው ሰው የሚሆን ሥራ ነው። የቪኤ ብድር አይገባበትም፤ የሚገባው ወለዱ ውድ የሆነ፣ ከወለዱም በፊት በክፍያ መልክ የሚቆርጥ የአጭር ጊዜ የግል ብድር ነው። ኮንትራክተሩ ሁለት ወር ከዘገየ ትርፉ አለቀ። ባልቲሞር በሺህ የሚቆጠሩ ባዶ ቤቶች ያሏት ከተማ ናት፤ ረድፍ ቤት ላይ የምትጋራው ግድግዳ ማዶ ያለው ቤት ባዶ ከሆነ የዚያኛው ጣሪያ ሲያፈስ ውሃው ወደ አንተ አዲስ ቀለም ይመጣል። ልትገዛ ያሰብከውን ቤት ስታይ ወደ ጓሮ ዞረህ የግራና የቀኙን ጎረቤት ጣሪያ ተመልከት።

ወደ አንተ ጉዳይ ልመለስና፣ ዛሬውኑ ልታደርገው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ከቤት ፍለጋው ይቀድማል። ከአገልግሎት የመጣ ጉዳት ካለህ ለቪኤ የካሳ ጥያቄ አቅርብ። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ «እኔ እግሬ አልተቆረጠ፣ ምን ብዬ?» ይላሉ። ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ ይንቋቋል? ወገብህ ጠዋት ጠዋት ይይዝሃል? ከተኩስ ልምምድና ከጄኔሬተር ጩኸት በኋላ ጆሮህ ውስጥ ፉጨት ቀርቷል? ይህ ሁሉ ይታያል። በአገልግሎት የመጣ ሆኖ 10 በመቶ እንኳ ተወስኖልህ ካሳ መቀበል ከጀመርክ ከፈንዲንግ ፊው ነፃ ነህ፤ በእኛ ምሳሌ 6,450 ዶላር ማለት ነው። ከተሰናበትክ ገና አምስት ወርህ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከትክ ካሳው የሚቆጠርልህ ከተሰናበትክበት ማግሥት ጀምሮ ነው። ውሳኔው ቤቱን ከገዛህ በኋላ ቢመጣ እንኳ የሚጸናበት ቀን ከክሎዚንግ ቀን የሚቀድም ከሆነ የከፈልከው ፊ ይመለስልሃል። ካሳው ከታክስ ነፃ ስለሆነ አበዳሪውም በጥሩ ዓይን ያየዋል። ማመልከቻውን እንደ ዲኤቪና አሜሪካን ሊጅን ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነፃ ይሞሉልሃል። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ ልቀበልህ የሚል ሰው ከገጠመህ ጥለኸው ሂድ፤ ሕግም አይፈቅድለትም።

ቲኤስፒህን አትንካው። ባህላዊው ዓይነት ከሆነና አሁን ብታወጣው ለፌደራል ታክስ 20 በመቶ ይያዝብሃል፣ በዕድሜህ ምክንያትም የ10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። 12 ሺው ሳታውቀው 8 ሺህ አካባቢ ይሆናል።

አሁን ወደ ብድር ማመልከቻው ፋይል። የቪኤ ብድር ከሌላው የሚለይበት አንድ ስሌት አለ፤ ታክስ፣ ዕዳ፣ የቤት ክፍያና የቤት እንክብካቤ ከተቀነሰ በኋላ ለምግብና ለነዳጅ ስንት ይቀራችኋል የሚል ነው። ሜሪላንድ በደቡብ ክልል ትመደባለች፤ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ዝቅተኛው 889 ዶላር ነው። የወር ዕዳችሁ ከገቢያችሁ 41 በመቶን ካለፈ ከዚህ 20 በመቶ ከፍ ማለት አለበት። የልጅ ማቆያ ወጪም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። የአንድ ዓመት ልጅ ስላላችሁ ይህ ጥያቄ ይመጣባችኋል። ልጁን የምትጠብቀው እናትህ ወይም እህትህ ከሆነች ያለ ክፍያ እንደምትጠብቅ የሚገልጽ ቀን ያለበት የተፈረመ ደብዳቤ አዘጋጅ፤ ዴይኬር የምትከፍሉ ከሆነም እውነተኛውን ቁጥር ስጡ።

ሥራህን በተመለከተ፣ ከወጣህ አምስት ወር ብቻ መሆኑ አያስፈራህ። አበዳሪዎች የሁለት ዓመት የሥራ ታሪክ ይፈልጋሉ፤ የጦር አገልግሎትህ ይቆጠራል፣ በተለይ ጦሩ ውስጥ ሎጂስቲክስ ሠርተህ አሁንም መጋዘን ላይ መሆንህ ታሪክህን አንድ ወጥ ያደርገዋል። ከመግዛትህ በፊት የሥራ መስክ አትቀይር። መኪናም አትቀይር።

እቁብ ካለህ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብበው። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃል። እቁብ ደረሰህና 20 ሺህ ዶላር በአንድ ቀን ሒሳብህ ውስጥ ከገባ ፋይሉን የሚመረምረው ሰው «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። ለአንተ ግልጽ የሆነው ነገር ለእሱ ያልታወቀ ብድር ነው። ሁለት መንገድ አለህ፤ እቁቡን ቀደም ብለህ ወስደህ ገንዘቡ ከሁለት ወር በላይ ባንክ ውስጥ እንዲተኛ ማድረግ፣ ወይም የወር መዋጮህ የወጣበትን መግለጫ ከሰብሳቢው ደብዳቤ ጋር ማቅረብ። ቀድመህ ወስደህ ገና መዋጮ የሚቀርህ ከሆነ ያ ዕዳ ነው፤ ደብቀህ አትፈርም። ዘመድ የሚረዳህ ከሆነም የማይመለስ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍ፤ በልባችሁ የሚመለስ ብድር ከሆነ ግን ስጦታ ብላችሁ አትፈርሙ።

ቤቱን ስትመርጥ የቪኤ አፕሬዘር (ዋጋ ገማች) መጥቶ አየ ማለት ቤቱ ተመረመረ ማለት አይደለም። እሱ የሚያየው ዋጋውንና ዝቅተኛውን የጤናና የደኅንነት መስፈርት ነው። የራስህን ኢንስፔክተር ቅጠር፤ ለአሮጌ ቤት የፍሳሽ መስመሩን በካሜራ አስፈትሽ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ሊድ (መርዛማው እርሳስ) ያለበት ቀለም ሊኖረው ይችላል፤ አንተ ደግሞ መሬት ላይ የሚድህ ልጅ አለህ። በሜሪላንድ እንዲህ ያለውን ቤት ለማከራየት ከስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መመዝገብና የሊድ ምርመራ ማድረግ ግዴታ ነው። ባልቲሞር ውስጥ ግራውንድ ሬንት የሚባልም አለ፤ ቤቱ ያንተ ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው ይሆንና በየዓመቱ ትንሽ ኪራይ ትከፍላለህ። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ሳታውቀው እንዳትገባበት፤ በስቴቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ይታያል። አፕሬዛሉ ከተስማማችሁበት ዋጋ በታች ከመጣ በቪኤ ውል መሠረት ቀብድህን ይዘህ የመውጣት መብት አለህ፤ ወኪልህ ይህን አንቀጽ እንዳይረሳ ተቆጣጠር።

ባለቤትህ «ባልቲሞር አልሄድም» ብትልስ? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሥራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ መንገዱ በየቀኑ ያደክማል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሁለትና ሦስት አፓርትመንት ያለው ቤት እምብዛም አይገኝም፤ የእኛ ሰው የሚያደርገው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ያለው ታውንሃውስ ገዝቶ ቤዝመንቱን ማከራየት ነው። በ450 ሺህ ዶላር ብትገዛ፣ ታክሱን በዓመት 5 ሺህ፣ ኢንሹራንሱን በወር 130 ብንል ክፍያው 3,450 ገደማ ይሆናል፤ ከመኪናው ጋር ከገቢያችሁ 43 በመቶ ነው። የቤዝመንቱን ኪራይ አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ አይቆጥርልህም። ይቻላል፣ ግን ይጠብባል። ቤቱ የሰፈር ቤት ባለቤቶች ማኅበር ክፍያ ካለው ደግሞ አይሆንም ባይ ነኝ። የመኪናው ዕዳ እስኪያልቅ ወይም የባለቤትህ ደመወዝ ከፍ እስኪል አንድ ዓመት መጠበቅ ይሻላል፤ መብትህ ጊዜ አያልፍበትም።

ቤዝመንት የምታከራይ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መኝታ ክፍሉ ሰው በእሳት ጊዜ ሊወጣበት የሚችል መስኮት ሊኖረው ይገባል። በዚህ ላይ አልከራከርም፤ የሰው ሕይወት ነው። ባልቲሞርም ከ2019 ጀምሮ ባለ አንድና ባለ ሁለት ቤት አከራይ ሳይቀር ላይሰንስ እንዲያወጣ ይጠይቃል። በሜሪላንድ ላይሰንስ የሌለው አከራይ ተከራዩ አልከፍል ቢለው ፍርድ ቤት ሄዶ ማስከፈል አይችልም።

ተከራይን በተመለከተ የእኛ ሰው የሚወድቀው በይሉኝታ ነው። የባለቤትህ የአክስት ልጅ ይመጣል፣ ውል መጻፍ ያሳፍራል፣ ሦስተኛው ወር ላይ ኪራዩ ይቀራል፣ ለመጠየቅ ደግሞ ቤተሰብ ይቀያየማል። ለዘመድም ቢሆን ውል ጻፍ፤ የምትቀንስለት ከሆነ የቀነስከውን ዋጋ ውሉ ላይ አስፍር። ማስታወቂያ ስትለጥፍ «ለሐበሻ ብቻ» ብለህ አትጻፍ። በየሱቁ በር ላይ ስለምታየው የተፈቀደ ይመስልሃል፤ በዘርና በትውልድ አገር የሚለይ ማስታወቂያ በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ አራት አፓርትመንት ባለው ቤት ውስጥ ራሱ የሚኖር ባለቤትም ቢሆን ከማስታወቂያው ክልከላ አያመልጥም። በሜሪላንድ ደግሞ ከ2020 ወዲህ የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ ያለውን ሰው «ቫውቸር አንቀበልም» ብሎ መመለስ በአብዛኛው የተከለከለ ነው።

አንድ ዓመት ከኖርክበት በኋላ ቤቱን ሙሉ በሙሉ አከራይተህ ሁለተኛ ቤት በቀረህ የቪኤ መብት መግዛት ይቻላል። ያኔ ፈንዲንግ ፊው ያለ ዳውን ፔይመንት 3.3 በመቶ ይሆናል፣ ካሳ የምትቀበል ከሆነ ግን አሁንም ነፃ ነህ። የሁለተኛውን ነገር ያኔ እናወራለን። ታክስ ስታሠራ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተከራየውን ግማሽ ለብቻ መዝግብ፤ የዚያ ክፍል የሕንፃ ዋጋ በ27.5 ዓመት ተከፋፍሎ ከኪራይ ገቢህ ላይ ይቀነስልሃል። ደረሰኝ ያላስቀመጠ ሰውን የሚረዳ ሒሳብ ሠራተኛ የለም።

የአጎትህን ምክር የሚነዳው ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ አገር ቤት ቤት እንዲኖርህ መፈለጋቸው አያስወቅሳቸውም። ግን በግንባታ ላይ ላለ አፓርትመንት የሚከፈለው ያንተው ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ዋስ የሚሆንልህ የለም፣ ግንባታው ቢዘገይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ የምታደርገው ነገር ትንሽ ነው፣ ያ ገንዘብ ደግሞ እዚህ ስድስት ወር የሚጠብቅህ ገንዘብ ነው። እሳቸውን እንዲህ በላቸው፦ እዚህ ያለው ቤት ሁለት ዓመት ያለ ችግር ከቆመ በኋላ፣ ከመጠባበቂያው ውጭ በተቀመጠ ገንዘብ፣ ያለቀና ካርታ ያለው ቤት እናያለን።

በዚህ ሳምንት የካሳ ማመልከቻውን ጀምር፣ የብድር መብት ማረጋገጫውን ከቪኤ ድረ ገጽ አውጣ፣ ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀትህን ፈልገህ አስቀምጥ፣ የሁለታችሁንም ክሬዲት ሪፖርት አውርድ። ከዚያ ቢያንስ ሦስት አበዳሪ ጋር ሂድ፤ ወለዱንና ክፍያዎቹን በጽሑፍ እንዲሰጡህ ጠይቅ፣ በአንድ ቀን የወጣ ዋጋ ይሁን። ባለቤትህ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ አብራህ ትቀመጥ፤ 2,677ቱን አብራህ የምትከፍለው እሷ ናት።